እንግሊዝኛ ስናስተምር የማንን ባህል ነው የምናስተምረው?

አንዲት ተማሪዬ ያነሳችው ጥያቄ አለ። ከጠየቀችኝ ቆየች፤ እኔን ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

በኢንተርኔት ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር እርስ በርስ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። የዚያን ቀን ትምህርት ግብዣን በጨዋነት አለመቀበልን የሚመለከት ነበር። መጽሐፉ ላይ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ያወራሉ። አንዱ ቅዳሜ እንገናኝ ይላል። ሌላዋ «አይድ ላቭ ቱ፣ በት…» ብላ ትጀምርና ምክንያቷን ትደረድራለች። ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን… ማለቷ ነው። ከሥሩ አጭር ማስታወሻ አለ፤ «አይ፣ አልመጣም» ብሎ በቀጥታ መመለስ በእንግሊዝኛ እንደ ብልግና ይቆጠራል ይላል።

ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተለማመዱ። ሁሉም አሳምረው ተወጡት። ወደ ጋራ ውይይቱ ስንመለስ አንዷ የመናገር ዕድል ጠየቀች። የምትሠራው የመርከብ ጭነት የሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስትጽፍና ስትደዋወል ትውላለች። እንዲህ አለችኝ፦ «ይህን የምለው ለማን ነው? እኔ ከእንግሊዝም ከአሜሪካም ሰው ጋር ሠርቼ አላውቅም። ደንበኞቼ ቋንቋውን እንደ እኔ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ‹ደስ ይለኝ ነበር› ስለው ሰውየው እውነቴን ይመስለዋል። ሌላ ቀን ይቀጥረኛል።»

አብሯት ሲለማመድ የነበረው ቀበል አድርጎ «እኔም ሌላ ቀን ልቀጥርሽ ነበር» አላት።

መጽሐፉን ወደ ጎን አደረግነው። ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ አንድ ሰው ግብዣችሁን እንዳልተቀበለ በእርግጠኝነት የምታውቁት በምንድን ነው? መልሱ የሚገርም ነበር። አንዱ «ዝም ካለ በቃ አልመጣም ማለት ነው፤ ‹እስቲ እናያለን› ካለም ያው ነው» አለ። ሌላዋ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም አለች። እሷ ባደገችበት ቤት ገና ሲጠየቅ እሺ የሚል ሰው ቸኩሏል ይባላል፤ ስለዚህ ጋባዡ ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛው ተቃራኒውን ተናገረ። «የምታከብረኝ ከሆነ በቀጥታ አልችልም በለኝ። ምክንያት ስትደረድር የምትደብቀኝ ነገር ያለ ይመስለኛል» አለ። አንዲት ነርስ ደግሞ በዕድሜ ለሚበልጣት ሰው እምቢ ማለት ጨርሶ እንደማትችል ነገረችን። እሺ ትልና በኋላ በሌላ ሰው በኩል መልእክት ትልካለች።

እነዚህ ሰዎች ከደቂቃዎች በፊት አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያለ አንዳች የሰዋስው ስህተት ሲለዋወጡ ነበር። አፋቸው እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጆሯቸው ግን የየቤታቸውን ነው የሚሰማው። መጽሐፉ ደግሞ በመካከላቸው የሌለ የአንድ ሌላ ሰው ጆሮ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ነው።

ማን ከየትኛው አገር እንደሆነ ሆን ብዬ አልጻፍኩም። አንድ ሰው ስለ ራሱ የነገረኝን አንስቶ የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ጠባይ ማድረግ ባህልን በማስተማር ስም በብዛት ከሚሠሩ በደሎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ዝምታ እምቢታ ነው ያለው ተማሪ ወንድሙ ምናልባት ዝምታ አይወድ ይሆናል። «የእንትን አገር ሰዎች እንዲህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ተማሪውን ሰው ከማዳመጥ ያሳርፈዋል። ሊያሳርፈው አይገባም።

መጽሐፉ ውስጥ የሌሉት ብዙኃን

እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። በሁለተኛ ቋንቋነት ወይም በትምህርት ያወቁት ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው። ይህ ማለት በዓለም ላይ በየቀኑ ከሚደረገው የእንግሊዝኛ ንግግር ብዙው የሚካሄደው ቋንቋውን በጡት ባላገኙት ሰዎች መካከል ነው። ሆስፒታል ውስጥ፣ ወደብ ላይ፣ በኢሜይል፣ በዙም ስብሰባ።

የቋንቋ ምሁራን ይህን ያዩት ቀደም ብለው ነው። ብራጅ ካችሩ እ.ኤ.አ. በ1985 የእንግሊዝኛን ዓለም በሦስት ክቦች ከፍሎ አስቀመጠ። ውስጠኛው ክብ ላይ እንደ ብሪታኒያና አሜሪካ ያሉ አገሮች ናቸው። ሁለተኛው ክብ ላይ እንደ ህንድና ናይጄሪያ ያሉ፣ ቋንቋው በቅኝ ግዛት ዘመን ገብቶ የራሳቸውን ቀለም ይዞ የቀረባቸው አገሮች አሉ። ሦስተኛው ክብ እንግሊዝኛን ከዓለም ጋር ለመገናኘት የሚማሩትን ይይዛል። ዛሬ ድንበሩ እንደዚያ ጥርት ያለ አይደለም። ቢሆንም የካችሩ ሥራ ትልቅ በር ከፍቷል። የውጪዎቹ ክቦች እንግሊዝኛ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደለም ብሎ ተከራክሯል።

ይበልጥ የሚገርመኝ ላሪ ስሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ሦስት ነገሮችን ጽፏል። አንደኛ፣ ተማሪው የባለ ቋንቋውን ባህል የራሱ ማድረግ አይጠበቅበትም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ቋንቋ የአንድ አገር ንብረት መሆኑ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የትምህርቱ ዓላማ ተማሪው የራሱን ሐሳብና ባህል ለሌላው ማስረዳት እንዲችል ነው። ተማሪዬ ያነሳችው ጥያቄ እዚህ ውስጥ አለ። ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መልስ ነበረው። ብዙ መጻሕፍት ግን ዛሬም ያንኑ የለንደን መንገድ፣ ያንኑ ባቡር ጣቢያ፣ ያንኑ ስለ ዝናብ የሚደረግ ጨዋታ ይዘው ይመጣሉ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ተማሪው ያን መንገድና ባቡር ጣቢያ ማወቁ አይጎዳውም። ችግሩ ቋንቋው ያለዚያ ሥፍራ አይኖርም ብሎ ሲያምን ነው። ያኔ የራሱን ኑሮ በእንግሊዝኛ የሚናገርበት ቃል ያጥረዋል። ለንደን ውስጥ መንገድ መጠየቅ የሚችል፣ የሚሠራውን ሥራ ግን ማስረዳት የሚያቅተው ተማሪ ብዙ አይቻለሁ።

ጥፋቱ ሰዋስው ላይ በማይሆንበት ጊዜ

የቋንቋ ምሁሯ ጄኒ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያነሳችው ነጥብ አለ። ለአስተማሪ ሁሉ ቢነገር እወዳለሁ። ሰው ሰዋስው ሲሳሳት ሰሚው «ቋንቋውን ገና አልቻለም» ብሎ ያልፈዋል። አነጋገር ሲሳሳት ግን «ባለጌ ነው» ወይም «ትዕቢተኛ ነው» ይላል። ጥፋቱ ከቋንቋ ወደ ሰውየው ጠባይ ይዞራል። የባሰው ደግሞ እንግሊዝኛው ጥሩ በሆነ ቁጥር ይቅርታው እየቀነሰ መሄዱ ነው።

አንድ መሐንዲስ ተማሪ ነበረኝ። ኢሜይሎቹ ትእዛዝ ይመስላሉ እየተባለ ይወቀሳል። «ሰነዱን ዛሬ ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ሰዋስው ላይ አንዳች እንከን የለም። በራሱ ቋንቋ አክብሮቱ ያለው ግሱ ውስጥ ነው። አንዲት ቅጥያ ሲጨምር ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ይለዝባል። እንግሊዝኛ ግስ ላይ ያንን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለም። አክብሮቱ ልቡ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልደረሰም። «እኔ እኮ ሰው አክባሪ ነኝ» ሲለኝ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ስሜት አልረሳውም። የቋንቋ ትምህርት ይህን ካልነካ ምኑን ነካ?

ነገሩ ቅሬታ ላይ ብቻ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ አየር መንገድ በረራ 52 ወደ ኒው ዮርክ እየተቃረበ ነበር። አየሩ መጥፎ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ሄደ። ረዳት አብራሪው ቅድሚያ እንደሚያስፈልጋቸው ተናገረ። ነዳጅ እያለቀባቸው እንደሆነም ተናገረ። የአደጋ ጊዜ ጥሪ መሆኑን የምታሳውቀዋን ቃል ግን አንዴም አልተጠቀመም። ለማረፍ ሞክረው ሳይሳካ ሲቀር የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑን ዞር አድርጎ ሊያመጣው እንደሆነ ነገራቸውና «ይህ ለእናንተም ለነዳጃችሁም ይስማማል?» አለ። የረዳት አብራሪው መልስ «ይመስለኛል፤ በጣም አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

የአሜሪካ መርማሪዎች ዋናውን ምክንያት በበረራ ሠራተኞቹ ላይ አድርገዋል። ነዳጁን በአግባቡ ባለመያዛቸውና የአደጋ ጊዜ መሆኑን ባለማሳወቃቸው ማለት ነው። አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ስለ ነዳጅ ማነስ የሚነጋገሩበት ወጥና ግልጽ ቃል አለመኖሩንም በአባባሽ ምክንያትነት አስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ነገሩን በባህል ሊያብራራው ሞክሯል፤ ለአለቃና ለባለሥልጣን የሚሰጥ አክብሮት ነው ተብሏል። በሞቱ ሰዎች ላይ የአንድ አገር ባህል ብሎ መፍረድ ይከብደኛል። እኔን የሚይዘኝ ያ መልስ ነው። ተቆጣጣሪው ጠይቋል። ረዳት አብራሪው መልሷል። ቃላቱን ሁለቱም ያውቋቸዋል። «ይመስለኛል» የሚለው ግን ከአንዱ አፍ የወጣበትና ሌላው ጆሮ የገባበት ክብደት የተለያየ ነበር። ከምስጋና ጋር የተነገረ ጭንቀት ጭንቀት አይመስልም።

ባህሉን ነቅለን ብናወጣውስ?

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ከባህል የጸዳ እንግሊዝኛ እናስተምር» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዓለም ገበያ የሚያዘጋጁ አሳታሚዎች ከሞላ ጎደል ይህን ሞክረዋል። ደራሲዎች እንዳይነኳቸው የሚመከሩ ርዕሶች አሉ፤ ፖለቲካ፣ አልኮል፣ ሃይማኖት፣ ወሲብ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ርዕዮተ ዓለም፣ የአሳማ ሥጋ። በሙያው ሰዎች ዘንድ «ፓርስኒፕ» በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃሉ። መነሻው ይገባኛል። መጽሐፉ በየአገሩ ሲገባ ማንንም እንዳያስቀይም ነው።

ውጤቱ ግን የሚያሳዝን ነው። ማንም የማያምንበት፣ ማንም የማይከራከርበት፣ ማንም የማይቀየምበት ዓለም ይፈጠራል። ሰዎቹ ጉዞ ይሄዳሉ፣ ዕቃ ይገዛሉ፣ ስለ ትርፍ ጊዜያቸው ያወራሉ። በቃ። ተማሪው ከዚያ ወጥቶ ከሥራ ባልደረባው ጋር ስለ ጾም፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጦርነት ሲያወራ ቃል የለውም። በዚያ ላይ ባህል በእርግጥ አልወጣም። ዕረፍት ማለት ጉዞ ነው፣ ሰው ራሱን የሚያስተዋውቀው በትርፍ ጊዜው ነው የሚለው ራሱ የአንድ ቦታ የኑሮ ልክ ነው። ስሙ ተፋቀ እንጂ እዚያው አለ።

ኮርታዚ እና ጂን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 የመማሪያ መጻሕፍት የሚይዙትን ባህል በሦስት ከፍለውታል፤ የተማሪው የራሱ፣ የባለ ቋንቋው አገር፣ እና የተለያዩ አገሮች። እኔ ሦስቱም ይግቡ ከሚሉት ወገን ነኝ። የተማሪው የራሱ ግን ይቅደም እላለሁ። ምክንያቴ ኩራት ብቻ አይደለም። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውን ነገር ለማያውቀው ሰው ሲያስረዳ ቋንቋው ይፈተናል። ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ ሲባል ይቆማል፣ ያስባል፣ ቃል ይፈልጋል። እውነተኛ እንግሊዝኛ የሚወጣው ያኔ ነው። ለራሱም ግልጽ ያልነበረለት ነገር ይታየዋል።

ክፍል ውስጥ የማደርገው

ከዚያ ውይይት ወዲህ ግብዣን ስለመመለስ ሳስተምር የመጽሐፉን ንግግር አልጥለውም። እሱም አንድ ሰው እንዴት እንደሚናገር ያሳያል። ግን አንዱ ተማሪ በራሱ መንገድ እምቢ ይላል። ሌሎቹ ምን እንደሰሙ ይናገራሉ፤ «የሚመጣ መሰለኝ»፣ «የተቆጣ መሰለኝ»፣ «የማይመጣ መሰለኝ»። ከዚያ ተናጋሪው ምን ማለቱ እንደነበር ያስረዳል። በመጨረሻም ሁለቱ እንደገና ይነጋገራሉ። ማንም ማንንም እንዲመስል አይገደድም። የሚገደዱት እንዲጠያየቁ ነው። «ስለዚህ ቅዳሜ አትመጪም ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው ግን ቋንቋ ያልቻለ እንዳይመስል ፈርቶ አይጠይቅም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ያደግንበትን ተረት አንዴ ፍቺውን ነገርኳቸው። በየራሳቸው ቋንቋ ያለውን ተመሳሳይ አባባል በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሲሽቀዳደሙ ሰዓታችን አለቀ።

አንዳንዱ ተማሪ በዚህ አይስማማም። አንድ ወጣት በግልጽ ነገረኝ። «እኔ እንግሊዝ ሄጄ መኖር ነው የምፈልገው። ልክ እንደነሱ ማውራት ነው የምፈልገው» አለ። ልክ ነው። የሚኖረው እዚያ ከሆነ የዚያን አገር ሰዎች ጆሮ ማወቅ አለበት። የሚያስፈልገውን አስተምረዋለሁ። የምቃወመው የእሱ ፍላጎት የሁሉም ግዴታ ሆኖ ሲቀርብ ነው። የምቃወመው ደግሞ ቅላጼ ከይዘት ሲቀድም ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። ጄኒፈር ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት ለመግባባት ወሳኝ የሆኑ ድምፆችንና ያልሆኑትን ለይታ አሳይታለች። ምላስን ጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው፣ ተማሪዎች ወራት የሚፈጁበት ድምፅ ለመግባባት ወሳኝ ከሚባሉት ውስጥ የለም። የአናባቢ ርዝመት ግን አለ። ያን ጊዜ ለመጠያየቅ ብናውለው ምን ያህል እንራመድ ነበር።

የነጥብ መስጫው ወረቀት

አስተማሪው የፈለገውን ቢያስተምር ተማሪው የሚያጠናው ፈተና ላይ የሚመጣውን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ነጥብ ላይ ይደርሳል። አንዳንድ ለውጦች አሉ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ማሟያ ሰነድ ከቋንቋ ደረጃ መለኪያዎቹ ውስጥ አፍ መፍቻ ተናጋሪን እንደ ማመሳከሪያ የሚጠቅሱትን አውጥቷል። የሚለካው ምን ያህል እንደነሱ ትናገራለህ የሚለው ሳይሆን ምን ያህል ትግባባለህ የሚለው ሆኗል።

ከሁሉ ቀድመው የሄዱት ግን የአቪዬሽን ሰዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በ6 ደረጃዎች እንዲመዘኑና ቢያንስ 4ኛውን እንዲያገኙ አድርጓል። ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ አለመግባባት የተፈጠረ ሲመስል ማጣራት፣ ማረጋገጥ፣ ማብራራት መቻል ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑትም ከዚህ ነጻ አይደሉም። የሰፈር አነጋገር እንዲተዉ፣ ቀስ ብለው እንዲናገሩ፣ ለሌላው እንዲያስቡ ይጠበቅባቸዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሸክሙ በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

እኔም በክፍሌ የንግግር ፈተና ላይ ይህን ጨምሬያለሁ። ከነጥቡ ሩቡ የሚሰጠው ነገሩ ግልጽ ሳይሆን ሲቀር ተማሪው ላደረገው ነው። መጀመሪያ ላይ ቅሬታ ነበር። ጥያቄ መጠየቅ ድክመት ነው ብለው ያደጉ ተማሪዎች እንዴት ነጥብ ያሰጣል አሉ። ከባዱ ግን አመዛዘኑ ነው። የገባውን ነገር ለነጥብ ሲል ደጋግሞ የሚጠይቅ ተማሪ አለ። ስለዚህ የጥያቄውን ብዛት አልቆጥርም። ንግግሩ ሲያልቅ ሁለቱን ለየብቻ «ምን ተስማማችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሳቸው ከገጠመ ሁለቱም ነጥቡን ያገኛሉ፤ ካልገጠመ ሁለቱም ያጣሉ። ይህ ለጎበዙ ተማሪ ፍትሐዊ አይደለም የሚል አስተማሪ ጓደኛ አለኝ። እስካሁን እንከራከራለን።